ብቻውን የሚበላው መምህር

አስተናጋጁ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ጣቱን አነሳልኝ። ስፓኒሽ አላውቅም፤ ጣት ግን በየትም አገር ጣት ነው። «አንድ ሰው ነሽ?» ማለቱ ነበር። እኔም መልሱን እንዳወቀ ተማሪ አንድ ጣቴን አነሳሁና፣ ካነሳሁ በኋላ ደነገጥኩ። ስድሳን ተሻግሬ ሰባን ላንኳኳ ስል፣ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሜ «አንድ ነኝ» ስል የመጀመሪያዬ ነው። ያደግኩት ምግብ ቤት ውስጥ ነው፤ የታጨሁትም ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ብቻዬን ገብቼ፣ ብቻዬን በልቼ የወጣሁበት ቀን ግን አልነበረም።

ከተማዋ ኮርዶባ ትባላለች፣ ስፔን ውስጥ ናት። ልጄ ሰላማዊት ማድሪድ ውስጥ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ እኔም እሷን ልጠይቅ ከዲላ ከመጣሁ ሳምንታት ሆኖኝ ነበር። ኮርዶባን አብረን ልናያት ትኬት ከተቆረጠ በኋላ፣ በማለዳው የሥራ ባልደረባዋ ታማ እሷን ጠሯት። «ትኬቱ አይባክን እማዬ፤ አንቺ ቅደሚ፣ እኔ በማታው ባቡር እደርስብሻለሁ» ብላ ስልኩን እንደ ክታብ አንገቴ ላይ አንጠልጥላ ባቡሩ ውስጥ አስቀመጠችኝ። ከመውረዷ በፊት ፊቷን ኮስተር አድርጋ «ማታ መልስሽን እፈልጋለሁ» አለችኝ። መልስ የሚያሻው ጥያቄ እዚያው ከእሷ ጋር ልቅር ወይስ ዲላ ልመለስ የሚለው ነው። ባለቤቴ ታደሰ ካረፈ ወዲህ ዲላ ያለው ቤታችን ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘሃራ ደግሞ ወዳጅ ናትና በስልክ አሳብቃብኛለች። «እናትሽ ተቀምጣ አትበላም። ድስቱ አጠገብ ቆማ ሁለት ጉርሻ ትጎርስና ትከድነዋለች። ቀሚሷ ሁሉ ሰፍቷታል» አለቻት። ሐሰት የለበትም። ትሪ ዘርግቶ፣ ውሃ አስቀምጦ፣ ማዶ ሰው ሳይኖር መቀመጥን ሰውነቴ እምቢ አለኝ። ልጄም «እዚያ ከተመለስሽ ቤትሽ ሙሉ እያለ በረሃብ ትሞቺብኛለሽ» ትላለች። እኔስ ምን ልበላት? እኔም የምፈራው እሱኑ ነው።

አስተናጋጁ ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ጣራ በሌለው ግቢ ውስጥ፣ የአበባ ማሰሮዎች የተሰቀሉበት ነጭ ግድግዳ ሥር አስቀመጠኝ። የሚያማምር ቦታ ነው። ነገር ግን በመግቢያው ጣራ ላይ የአሳማ እግር ከነሰኮናው ተርታውን ተንጠልጥሎ ሳይ አማተብኩ። ስለዚህ ምን ልዘዝ ብሎ ሲጠብቀኝ ጣራውን እያሳየሁ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፤ ቀጥሎም ሁለት ጣቶቼን ጆሮዬ አጠገብ ቀስሬ በሬ ሆንኩለት። ልጁ ከት ብሎ ሳቀና ዞር ብሎ በእጁ ከኋላው ጭራ አወዛወዘልኝ። የበሬ ጭራ! እኛ ቤት ጭራ የዝንብ ማባረሪያ ነው፤ እነሱ በወይን ጠጅ ቀቅለው ለእንግዳ ያቀርቡታል። ይሁን አልኩ። በመጀመሪያ ዳቦ ተፈትፍቶበት የተፈጨ፣ የተቀቀለ እንቁላል የተበተነበት የቲማቲም ነገር በጎድጓዳ ሳህን መጣ፤ ቀዝቃዛ ስልስ ብላችሁ አስቡት። አብሮት በትንሽ ብርጭቆ ነጣ ያለ ወይን መጣ። እኔ የማውቀው ወይን የሠርግ ቤቱን ጣፋጭ ነው፤ ይሄኛው ደረቅና ለውዝ ለውዝ የሚሸት ነው። ሁለቴ ተጎንጭቼ ብርጭቆውን አስቀመጥኩና ማንን እንደምጠብቅ ሳላውቅ መጠበቅ ጀመርኩ። ከማዕድ ቤቱ በዘይት የሚቁላላ ነጭ ሽንኩርት ሽታ ሲመጣ ነው ያወቅኩት። አባቴን ነበር የምጠብቀው፤ መጥቶ ከሰው ጋር እንዲያቀላቅለኝ።

አባቴ አቶ ወልዴ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር ተነስቶ ዲላ ገባና በሞያሌ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ከፈተ። ሰሌዳ አልነበረውም፤ «ወልዴ ቤት» ማለት ይበቃ ነበር። ያኔ ባጃጅ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው ሁሉ ቀዩን ጭቃ እየረገጠ በእግሩ ነው የሚሄደው። ቡና የጫነ መኪና ሲያልፍ የቤታችን መስኮት ይንቀጠቀጣል። ሽሮ በስሙኒ፣ ሥጋ ወጥ በሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ አናናስ ደግሞ በክምር ነበር የሚሸጠው፤ ተቆጥሮ እንደሚገዛ ያወቅኩት አዲስ አበባ ሄጄ ነው። ከፊት ለፊታችን ያለው ልብስ ሰፊ ሬዲዮኑን ደጃፉ ላይ ያስቀምጠዋል፤ የእሱ ዘፈን ሲያልቅ የእኛ ቤት ጫጫታ ይሰማል። በዚህ ቤት አባቴ ያወጣው አንድ ሕግ ነበር፤ ብቻውን የመጣ ሰው ብቻውን አይበላም። በሩ ላይ ቆሞ የሚገባውን አንዴ ያየዋል። ክርስቲያኑን ከክርስቲያን፣ ሙስሊሙን ከሙስሊም፣ ተናጋሪውን ከሚያዳምጥ፣ ኩርፍተኛውን ከተጫዋች ጋር አድርጎ ለሁለት አንድ ትሪ ያዛል። የጾም ቀን ሽሮ ሁሉን ስለሚያስማማ ያን ቀን እጁ እንደልቡ ነበር። አንድ ጊዜ ለምን እንደዚህ እንደሚያደርግ ጠይቄው «ብቻውን የሚበላ ሰው የሚያየው ሰው የለውም፤ ስለዚህ ወጡን ያያል። ወጥ ደግሞ አብዝተው ካዩት ጉድለቱ አይጠፋም» አለኝ። ቀልዱን ነው። የቁም ነገሩን የነገረኝ ሌላ ቀን ነው፤ ዲላ የገባ ሰሞን ማንም ሳያናግረው ብዙ ምሳ በልቷል። እነዚያ ትሪዎች ስንቱን አዛመዱ! ለመጀመሪያ ጊዜ እኛ ቤት እጃቸውን አንድ ትሪ ላይ ያሳረፉ ሰዎች በኋላ ሸሪክ ሆነዋል፣ ልጆቻቸውን አጋብተዋል።

ታደሰ የመጣው በዚያ ዘመን ነው። ከወደ ጎጃም የተመደበ የታሪክ መምህር፣ ፀጉሩን አፍሮ ያሳደገ፣ የቤልቦተም ሱሪው እግር መንገዱን ሁሉ እየጠረገ ግማሹ ቀይ ጭቃ የሆነ፣ ብብቱ ሥር መጽሐፍ የያዘ ረጅም ልጅ። አባቴ አየት አደረገውና ከጋሼ ጅግሶ ጋር አስቀመጠው። ጋሼ ጅግሶ ዱመርሶ ከሚባል መንደር የሚመጡ ቡና ገበሬ ናቸው፤ በገበያ ቀን ዲላ ሲወርዱ ምሳቸው እኛ ቤት ነው። አማርኛን በትልቅነታቸው ስለተማሩት ወንዱም ሴቱም ለእሳቸው «እሷ» ነው፤ ማንም አያርማቸውም፣ ሁሉም ይወድላቸዋል። እኔ ነበርኩ ትሪውን ያቀረብኩት። የመምህሩን ፊት አሁንም አየዋለሁ። ጥርሱ ይስቃል፤ ዓይኑ ግን ጎኑ ያስቀመጠው መጽሐፍ ላይ ቀርቷል። ጨዋ ነው፤ አብሮ በላ፣ አጎረሰ፣ ጎረሰ፣ የጋሼ ጅግሶን የዝናብ ወሬ እስከ መጨረሻው ሰማ። በማግስቱ ገና ከመግባቱ ወደ አባቴ ጠጋ ብሎ «ጋሼ ወልዴ፣ ካላስቸገርኩ ብቻዬን ልብላ» አለው።

አባቴ ጭልፋውን እንደያዘ «አሞሃል እንዴ የኔ ልጅ?» አለው።

ከማዶ ጋሼ ጅግሶ «መምህሩ ምን ሆነች? ሰው ጠላች እንዴ? ትናንት ጥሩ ነበረች እኮ» አሉ።

«ሰው አልጠላሁም» አለ ታደሰ፣ ጆሮው ቀልቶ። «ጠዋት ሙሉ አንድ ክፍል ልጅ ሲጮህብኝ ነው የምውለው። ምሳዬን ዝም ብዬ፣ ጣዕሙን እያወቅኩት ልብላ ብዬ ነው።»

አባቴ ደንበኛ አያባርርምና ከጓዳው በር አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጠረጴዛ ሰጠው፤ ግን እንደ ሐዘንተኛ ነበር የሚያየው። ከተማው በሳምንቱ «ብቻውን የሚበላው መምህር» ብሎ ስም አወጣለት። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እያሉ አሮጊቶች ከንፈር ይመጡለታል። እኔም አዝኜለት ከወጡ ሥር ሥጋ ደብቄ አቀርብለት ነበር። ያን ጊዜ ቀሚሴ ከጉልበቴ በላይ ነው፣ ዘመኑ ነው፤ አባቴ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። አንድ ቀን ምን እንደሚያነብ ጠየቅኩት። ኮርዶባ ስለምትባል ከተማ ነገረኝ። በጥንት ዘመን ሌላው አገር በጨለማ ሲደናበር መንገዷ በመብራት የሚበራ፣ መስጊዷ ውስጥ ያለው ዓምድ ጫካ የሚያህል ከተማ ነበረች አለኝ። እኔ ደግሞ «እዚያ ብቻውን የመጣ ሰው ከማን ጋር ይበላል?» አልኩት። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን የሚከፍተው እኔ ምግቡን አቅርቤ ከሄድኩ በኋላ ሆነ። ቆይቶ ደግሞ መጽሐፉን መያዝ ረሳ። አንድ ዓርብ ሽሮውን ሳስቀምጥለት ቀና አለና ሁሉም እየሰማ «አስካለ፣ ተቀመጪ። አብረን እንብላ» አለኝ። የአባቴ ጭልፋ ከድስቱ ውስጥ ገባ። ያ ሰው «አብረን እንብላ» አለ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለመተርጎም ሽማግሌ አላስፈለገም፤ ሽማግሌ የተላከው ለወጉ ያህል ነው። ጋሼ ጅግሶ እንኳ «አሁን ድናለች!» ብለው አጨበጨቡ።

ያ ቤት ዛሬ የለም። ፎቅ ተሠርቶበታል፤ ታች ሞባይል ይሸጣል፣ ላይኛው ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጆሯቸው ላይ ገመድ ሰክተው፣ ስልካቸውን የውሃ ጠርሙስ ላይ አስደግፈው በርገር ይበላሉ። እያንዳንዱ በየጠረጴዛው ለብቻው። አባቴ ቢያያቸው በአንድ ቀን ውስጥ ሁሉንም አጋብቶ ያድር ነበር።

የበሬው ጭራ መጣ። ሥጋው በማንኪያ ሲነኩት ከአጥንቱ ይለቃል፣ መረቁ ወፍሮ ጠቁሯል። ሽታው ያስለቅሳል፤ እኔ ግን ሹካውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ርቦኛል፣ እጄ ግን አይታዘዝም። ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ ላይ በእኔ ዕድሜ ያለ አንድ ሰውዬ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ከፊቱ የወይራ ፍሬና የተጠበሰ ዓሣ አስቀምጦ ተቀምጧል። ብቻውን ነው። የሰውዬው ብቸኝነት አንጀቴን በላው። ከዚያ ያደረግኩትን የምታደርገው የወልዴ ልጅ ብቻ ናት። ሳህኔን በአንድ እጅ፣ ብርጭቆዬን በሌላው ይዤ ተነሳሁና ሄጄ ጠረጴዛው ላይ ከዓሣው አጠገብ አስቀመጥኩ። ወንበርም ሳብኩ። «እንብላ» አልኩት፣ በአማርኛ፣ ያውም ጮክ ብዬ።

ሰውዬው ብድግ አለ። ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበሬን አስተካከለልኝ፣ ጥርሱን አሳየኝ። ዓይኑ ግን አጣጥፎ ካስቀመጠው ጋዜጣ ላይ አልተነሳም። ያንን ፊት ትኩር ብዬ አየሁት። አውቀዋለሁ። ከጋሼ ጅግሶ ጋር የተቀመጠ ቀን የታደሰ ፊት ነው። ሰውዬው አላዘነም፣ አልተራበም፣ ማንንም አይጠብቅም። ከዓሣው ጋር ደስ ብሎት ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ነኝ የበጠበጥኩት።

ይኼኔ ነው ከዲላ አለፍ ብላ ያለችው ጪጩ ትዝ ያለችኝ። ከተጋባን በኋላ፣ ሰላማዊት ፊደል ስትጀምር ግድም ነው፣ ታደሰ ቅዳሜ ቅዳሜ «ጪጩ ድረስ እግሬን ላፍታታ» እያለ መውጣት ጀመረ። ተመልሶ ሲመጣ ምሳ አይበላም፣ ፊቱ ወዝቶ ያፏጫል። ሴት ናት አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ጪጩ ገበያ የምትሄድ አንዲት ዘመዴን አደራ አልኳት። ተመልሳ «ሴት የለም» አለችኝ። «መንገድ ዳር ካለችው ትንሽ ቤት ገብቶ ቆጮና አይብ አዘዘ። መጽሐፉን ከፍቶ ብቻውን ይበላል። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና አላለም።» እኔ ጭራሽ ብሶብኝ «ከሴት ጋር ቢሆን ይሻለኝ ነበር!» አልኩ። ሚስት እያለችው፣ ቤት እያለው፣ ሄዶ ብቻውን? ለእሱ አንድም ቃል አልተነፈስኩም፤ ነገር ግን ነገር ከዓይን አይደበቅምና ያን ሳምንት ሙሉ ሲያየኝ ከረመ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጫማውን እያሰረ «ተነሺ አስኩ፣ ጪጩ እንሂድ፤ ቆጯቸውን ትቀምሺዋለሽ» አለኝ። ከዚያች ቅዳሜ ወዲያ ብቻውን ሄዶ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ባለው ዕድሜው ሁሉ ቁርሱም፣ ምሳውም፣ ራቱም ከእኔ ጋር ነበር። ሳጎርሰው አንዴም በቃኝ አላለም፤ ሳወራ አንዴም ዝም በዪ አላለኝም። ጋሼ ወልዴን ያህል ሰው ፊት ለፊት «ብቻዬን ልብላ» ያለ ሰው!

እኔም ያንን ሁሉ ዘመን ከብቸኝነት ያዳንኩት ይመስለኝ ነበር። ለካስ ሰውዬው የሚወደውን ነገር ትቶልኝ ነው። ይህን ስጽፍ በደልኩት ብዬ አይደለም፤ እሱ የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ተወደድኩ ነው የምለው። እንዲህ መወደዴን ግን እሱ ካለፈ በኋላ፣ በሰው አገር፣ በማላውቀው ሰውዬ ፊት ላይ አነበብኩት። ቆሜ አለቀስኩ። ሰውዬው ግራ ገብቶት መሐረብ ሊያወጣ ኪሱን ሲዳብስ፣ በእጄ ይቅርታ ጠይቄ፣ ጋዜጣውን አንስቼ መልሼ ዘረጋሁለት። ሳህኔን ይዤ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። እሱ ትንሽ አየኝና ብርጭቆውን ከፍ አደረገልኝ። እኔም ከፍ አደረግኩለት። ከዚያ ሁለታችንም ወደየሥራችን።

በላሁ። ብቻዬን ስበላ ምግብ እንዴት እንደሚጣፍጥ ማን ያውቅ ነበር? ለካስ ሳወራ ሳላጣጥመው የማልፈው ነገር ሁሉ አለ። በመረቁ ውስጥ መጀመሪያ ወይኑ፣ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቀጥሎ ቀስ ብሎ እንደ ቅርንፉድ ያለ ነገር ይመጣል። አጥንቱን በእጄ ይዤ ጋጥኩት። ሳህኑን በዳቦ ጠረግኩት። ወይን ጨመርኩ፣ ልጁ ጭራ እያወዛወዘ እየሳቀ ቀዳልኝ። አባቴ እንዳለው ወጡን አብዝቼ አየሁት፤ ጉድለት ግን አላገኘሁበትም። ስወጣ ታደሰ የነገረኝን መስጊድ፣ ኋላ ቤተ ክርስቲያን የሆነውን፣ ገብቼ አየሁ። ዓምዱ እውነትም ጫካ ነው። በመካከሉ ብቻዬን ተንሸራሸርኩ፤ ማንም አልነገረኝም፣ ለማንም አልነገርኩም፣ ደስ አለኝ።

ሰላማዊት በማታው ባቡር መጣች። ከነድካሟ በቀጥታ ወስዳ አንድ አደባባይ ዳር ካለ ምግብ ቤት አስቀመጠችኝና «እሺ፣ መልስሽ?» አለች።

«እመለሳለሁ» አልኳት።

«ከማን ጋር ልትበዪ?»

«ከማንም። ዛሬ ብቻዬን በላሁ። ሳህኑን ጠርጌ።» ከዚያ የሰውዬውን፣ የጓዳው በር አጠገብ የነበረችውን ጠረጴዛ፣ የጪጩን ነገር ሁሉ ነገርኳት። ስጨርስ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። ለአባቷ የምታለቅስ መስሎኝ ጀርባዋን ዳበስኩ።

«እማዬ» አለች ከእጇ ሥር፣ «እኔም እንደሱ ነኝ።»

«እንደሱ እንዴት?»

«እሁድ ዕረፍቴ ነው። ከቤቴ ጀርባ አንድ ምግብ ቤት አለ፤ መስኮቱ አጠገብ ቦታዬን ያውቃሉ። መጽሐፌን ይዤ ብቻዬን እበላለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሳጎርስ ነው የምውለው፣ እማዬ፤ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ፣ አፋቸው ለማይከፈት። እሁድ ራሴን ብቻ ነው የማበላው። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ አልሄድኩም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «ለማን? ለጋሼ ወልዴ ልጅ? አባዬ እንኳ ለአያቴ ደፍሮ ተናገረ እንጂ ለአንቺ መናገር አልደፈረም!»

«ታዲያ ቅሪ ብለሽ የምትለምኚኝ ምን አስበሽ ነው?»

«እንዳትሞቺብኝ ነዋ» አለች። «እሁዴ ይቅርብኝ ብዬ ነዋ።»

አቀፍኳት። የአባቷን ልጅ ነው ያቀፍኩት። አስተናጋጇ መጥታ ስትቆም፣ ልጄ እንደ ልማዳችን ለሁለት የሚሆን አንድ ትልቅ ሳህን ልታዝ ስትጀምር እጇን ያዝኩና «ለየብቻ በያት» አልኳት። ሁለት ሳህን መጣ። እሷ ከቦርሳዋ ጫፉ የተጣጠፈ መጽሐፍ አወጣችና ዓይኔን አየችኝ። «አንብቢ» አልኳት። ዝም ብለን በላን፣ እሷ በገጿ፣ እኔ በሳህኔ። ስትገልጥ አንድ ጊዜ ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝ፤ እንደዚያ ቀርበን በልተን አናውቅም።